ከዓመቱ ድንጋይ ጀርባ

ታምዚን ዩረን የቬንተንን ዳገት ስትወጣ ሦስት ጊዜ ቆመች። ለሰማንያ አራት ዓመት አሮጊት ሦስቴ ብቻ ቆሞ ያንን ዳገት መጨረስ የሚያስቀና ነው። ደግሞም የቆመችው ትንፋሽ አጥሯት አልነበረም። ከላይ፣ ከጸሎት ቤቱ ግንባር የመዶሻ ድምፅ ሰምታ ነው።

«እኔ ሳልደርስ ጀመረው! ይኼ ቀልበ ቢስ!» አለችና ጥቁር ቀሚሷን በአንድ እጇ ሰብስባ እንደገና ተራመደች። በሌላው እጇ የጸሎት ቤቱን ቁልፍ ይዛለች። ቁልፉ ስንዝር ያህል ይሆናል። ሃምሳ አንድ ዓመት ሙሉ ጠራጊም፣ ምድጃ አንዳጅም፣ በር ከፋችም እሷ ነበረችና ከወገቧ ተለይቶ አያውቅም። ዛሬ ከቀትር በኋላ ለገበሬው ለቤኔቶ ታስረክበዋለች፤ ቤኔቶም ቤቱን ድንቹንና ድርቆሹን ያስገባበታል።

ግንበኛው ጄጎ በመሰላል ጫፍ ላይ ሆኖ ከሩቅ አያትና መዶሻውን አነሳላት።

«አክስት ታምዚን! ቀስ ይበሉ እንጂ! ስድሳ አምስት ዓመት የጠበቀ ድንጋይ አሥር ደቂቃ ቢጨመርበት አይሞት!»

በቬንተን ዕድሜዋ የገፋ ሴት ሁሉ የመንደሩ አክስት ናት።

«አንተ ነህ እንጂ መጠበቅ የማትችለው! ሳልመጣ አትንካው አላልኩህም?»

«እሱን መቼ ነካሁት? ዳር ዳሩን ኖራውን ነው የምቧጥጠው። አባትዎ ግን በኖራ ሳይሆን በእልህ ነው የለጠፉት መሰለኝ፤ መሮዬን ሁለት ጊዜ አደነዘዘብኝ።»

«አባቴ ሲሠራ ደህና አድርጎ ነው።»

«እሱማ ማን ይክዳል! አያቴ ሲነግረኝ፣ አባትዎ ካፒቴን አብነር በዚህ በር ሲገቡ አንድ ቀን እንኳ ቀና ብለው የሠሩትን አይተው አያውቁም አሉ። ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ አንገቱ እስኪጣመም ያይ ነበር። ብቻ፣» አለና ሳቅ አለ፣ «አንገት ደፊ አገር አጥፊ የሚባል ነገርም አለ።»

«አፍህን ዝጋና መሮህን ሳል» አለችው ታምዚን። ግን አልተቆጣችም። ደረጃው ላይ ተቀምጣ ወደ ላይ ማየት ጀመረች።

ባለፈው ዓመት ለንደን ላይ፣ ለብዙ ዘመን ተኳርፈው የኖሩት የሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን ወገኖች ታርቀው አንድ ሆነዋል። መልካም ነገር ነው፤ እርቅ የሚጠላ የለም። ቬንተን ግን አርባ ጎጆ ይዛ ሁለት ጸሎት ቤት ነበራት፤ የላይኛውና የታችኛው፣ ሦስት መቶ እርምጃ ተራርቀው። እርቁ ከለንደን ወደ ኮርንዎል፣ ከኮርንዎል ወደ መንደሩ ሲወርድ «አንዱ ይበቃል» ተባለ። የታችኛው ኦርጋን ነበረው፣ ጣሪያውም አያፈስም። የላይኛው የነበረው አሥራ አራት ሽማግሌና ታምዚን ናት። ትናንት እሑድ የመጨረሻውን መዝሙር ዘመሩ፤ ዛሬ ሰኞ ደግሞ የዓመቱ ድንጋይ ወርዶ በታችኛው ጸሎት ቤት ግድግዳ ውስጥ ሊገባ ነው። መታሰቢያ ይሁናችሁ ተብሎ።

የዓመቱ ድንጋይ ከጣሪያው ሹል ሥር፣ ከትልቁ መስኮት በላይ ነው። ነጣ ያለ ግራናይት ሆኖ «ቬንተን ጸሎት ቤት፣ 1868» ይላል። ቤቱ ሲያልቅ ከሁሉ በኋላ የተገነባ ድንጋይ እሱ ነው። ከጀርባው ባለው ጉድጓድ ውስጥ አንድ ጠርሙስ፣ በጠርሙሱ ውስጥ ደግሞ ቤቱን በእጃቸው የሠሩ ሰዎች ሁሉ ስም ዝርዝር እንዳለ ከመንደሩ የማያውቅ የለም። ዝርዝሩን የጻፉት፣ ጠርሙሱንም በገዛ እጃቸው ያስገቡት ካፒቴን አብነር ዩረን ነበሩ።

ታምዚን የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው። የዲጎሪ ኪስት ስም ወረቀቱ ላይ አለ ወይስ የለም? ይህንን ሳታውቅ እንዳትሞት ስድሳ አምስት ዓመት ስትለምን ኖራለች። ጸሎት ቤቱ ሲዘጋ ካለቀሱት ሁሉ አብልጣ ያለቀሰችው እሷ ናት። ነገር ግን ከልቅሶዋ ሥር፣ ለማንም የማትናገራት፣ አንዲት የምታሳፍር ደስታ ነበረች። ቤቱ ካልተዘጋ ድንጋዩ አይወርድም ነበርና።

ቤቱን የሠሩት የቆርቆሮ ማዕድን ቆፋሪዎች ናቸው። መሐንዲስ አልነበራቸውም። የሚያውቁት ግንባታ ከማዕድኑ ጉድጓድ ውሃ የሚመጥጠው ሞተር የሚቆምበትን ቤት ስለሆነ፣ ለእግዚአብሔርም ያንኑ ሠሩለት፤ ቁመቱ የረዘመ፣ ግድግዳው የወፈረ፣ መስኮቱ በቅስት የተዘጋ። የታችኞቹ ሰዎች «የላይኞቹ ጌታን ውሃ ሊያስቀዱት ነው እንዴ?» እያሉ ያፌዙባቸው ነበር። የፊት ግንባሩ ከኮረብታው በበሬ ተጎትቶ የመጣ የተጠረበ ግራናይት ነው፤ ጎንና ጀርባው ግን ከማዕድኑ የተጣለ ጥራጊ ድንጋይ ነው፤ አቅማቸው እስከዚያው ነበር። እያንዳንዱ ቆፋሪ ስምንት ሰዓት ከመሬት በታች ውሎ ሲወጣ፣ ወደ ቤቱ ከመሄዱ በፊት አንድ አንድ ድንጋይ ተሸክሞ ዳገቱን ይወጣል። ልጃገረዶቹም እንደዚሁ። ታምዚን ያኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር፤ ማዕድኑ አፍ ላይ በመዶሻ ድንጋይ ሰባሪ ነበረች። በግራ በኩል ካለው መስኮት ሥር የእሷ ድንጋዮች አሉ። ፀሐይ ሲያርፍባቸው ውስጣቸው የቀረው ቆርቆሮ ዛሬም ብልጭ ይላል።

ከበሩ በላይ ያለውን የትልቁን መስኮት ቅስት የሠራው ዲጎሪ ኪስት ነበር። ሃያ ሦስት ዓመቱ ነው። ድምፁ ለመዝሙር አልተፈጠረም፤ እሱ ግን ከማንም አብልጦ እየጮኸ ይዘምራል። እጁ ግን ድንጋይ ይሰማዋል ይሉ ነበር። ከታምዚን ጋር ቤቱ አልቆ ሲመረቅ ሊጋቡ ተነጋግረዋል፤ አባቷም ያውቃሉ።

አባቷ የማዕድኑ አለቃ ናቸው። በዚያ አገር የማዕድን አለቃ መርከብ ረግጦ ባያውቅም ካፒቴን ይባላል። ካፒቴን አብነር በዚያ ላይ የማኅበሩ መሪም ነበሩ። ሐሙስ ሐሙስ አሥራ ሁለት ሰዎች ቤታቸው ይሰበሰባሉ፤ እሳቸውም በተራ እያንዳንዱን «ነፍስህ እንዴት ናት? ነፍስሽ እንዴት ናት?» ብለው ይጠይቃሉ። የተጠየቀ ሰው ሳይደብቅ ይመልሳል። በየሦስት ወሩ ደግሞ መጋቢው ለእያንዳንዱ አባል ስሙ የተጻፈበት ትንሽ ካርድ ይሰጣል። ካርድ ያለው «ወንድም» ወይም «እኅት» ተብሎ ይጠራል፤ ካርዱን የተከለከለ ከማኅበሩ ወጥቷል ማለት ነው። ታምዚን እስከ ዛሬ የተሰጣት ካርድ፣ ከሁለት መቶ ሰባ የሚበልጠው፣ አንድም ሳይጎድል በብስኩት ጣሳ ውስጥ ተቀምጧል።

ጁን ወር ውስጥ አንድ ቅዳሜ ቅስቱ በእንጨት ድጋፍ ላይ ተደርድሮ ኖራ ተሞላ። በማግሥቱ እሑድ ምእመኑ ከመንገዱ ማዶ ባለው ጎተራ ውስጥ ሲያመልክ ሰማዩ ተቀደደ። ዲጎሪ በሁለተኛው መዝሙር መሃል ተነስቶ ወጣ። ከታምዚን በቀር የት እንደሄደ ያየ የለም፤ እሷ የተቀመጠችው በተሰነጠቀው መዝጊያ አጠገብ ነው። በስንጥቁ ስታይ፣ መወጣጫው ላይ ቆሞ ድጋፉን በትከሻው ይዞ፣ በሸራ ሸፍኖ፣ የታጠበውን ኖራ በእጁ ሲሞላ አየችው። የእሑድ ልብሱ ሥጋው ላይ ተጣብቋል። እሷ ስብከቱን አልሰማችም። በሕይወቷ እንደዚያ ቀን ሰው ወድዳ አታውቅም።

ሐሙስ ተራዋ ደረሰ። «ነፍስሽ እንዴት ናት፣ እኅት ታምዚን?» አሉ አባቷ።

«ነፍሴ ደስ ብሏታል» አለች። «እሑድ ዲጎሪ ዝናብ ውስጥ ቆሞ የጌታን ቤት ከመፍረስ ስላዳነ እግዚአብሔርን አመሰግናለሁ።»

በክፍሉ ያሉት ሁሉ ከመካከላቸው ወደ ተቀመጠው ወደ ዲጎሪ ዞሩ። በቬንተን በሰንበት ድንች አይላጥም፣ ጫማ አይወለወልም፤ የእሑድ ውሃ እንኳ የሚቀዳው ቅዳሜ ነው። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው፤ ታምዚን ፊታቸውን አይታ ምን እንዳደረገች የገባት ያኔ ነበር።

«ወንድም ዲጎሪ፣ እውነት ነው?»

«እውነት ነው ካፒቴን። ቅስቱ ሊወድቅ ነበር።»

«ቢወድቅ ሰኞ እንገነባው ነበር። የፈረሰ ሰንበት ግን ሰኞ አይገነባም።»

በዚያው ስሙ ከማኅበሩ ተሰረዘ። የቬንተንን ጸሎት ቤት በመሥራቱ ከቬንተን ጸሎት ቤት ተባረረ። ከዚያን ዕለት ጀምሮ «ወንድም» መባሉ ቀርቶ «ኪስት» ብቻ ሆነ። ዲጎሪ አልተሟገተም፤ ታምዚንንም አንድ ክፉ ቃል አልተናገራት። እንዲያውም «ምሥክርነትሽ ጥሩ ነበር፤ ሰሚው ነው የከፋው» ብሏታል። እሷ ግን የእሱ ደግነት የበለጠ አቃጠላት።

አባቷ ካርድ የሌለው ሰው አታገቢም አሉ። እሷም የአባቷ ልጅ ናት፤ «ካርድህን መልስ፤ የዚያኑ ቀን አገባሃለሁ» አለችው። ሦስት ወር ጠበቀ። በሴፕቴምበር ካርድ ሲታደል ኮፍያውን በእጁ ይዞ በር ላይ ቆመ፤ ማንም አልጠራውም። በዚያው ወር የመርከብ ትኬት ቆረጠ፤ ኦክቶበር ላይ፣ በመሄጃው ዋዜማ፣ እሷ ድንጋይ ወደምትሰብርበት መጣ።

«ነገ ከፋልመዝ ወደብ ወደ አውስትራሊያ እንነሳለን። ነይ።»

«ካርድህን ይመልሱልህና ባሕሩን በእግሬም ቢሆን እሻገራለሁ።»

«ለሚስት ካርድ ያስፈልጋል እንዴ፣ ታምዚን?»

«ለእኔ ያስፈልጋል።»

ኮፍያውን ደፍቶ ሄደ። አባቷ አርባ እርምጃ ርቀው ከቢሯቸው መስኮት ላይ ቆመው ነበር። እሷ መዶሻዋን አንስታ እስከ ማታ ሰበረች። ከሁለት ሳምንት በኋላ የዓመቱ ድንጋይ ተሰቀለ። በአራተኛው ዓመት ከአውስትራሊያ ወሬ መጣ፤ ካፒቴን አብነር እሑድ ጸሎት ቤት ውስጥ ከማስታወቂያዎቹ መጨረሻ ላይ «ዲጎሪ ኪስት የሚባል ሰው፣ ቀድሞ የዚህ መንደር ነዋሪ፣ ጉድጓድ ተደርምሶበት ሞቷል» ብለው አነበቡ። «ወንድም» አላሉም። «ወንድም» ስላልተባለ ታምዚን ጥቁር መልበስ አልቻለችም፤ የማን ናት ተብላ? በዚያ ቀን የለበሰችው ሰማያዊ ቀሚስ እስኪያልቅ ድረስ ጠልታዋለች።

«ያዝ! በግራ በኩል ያዝ! አሁን ልቀቅ፣ ቀስ ብለህ!»

ጄጎ ለረዳቶቹ ሲጮህ ከሐሳቧ መለሳት። ድንጋዩ በገመድና በመዘውር እየተንገጫገጨ ወርዶ በድርቆሽ ክምር ላይ አረፈ። ጄጎ ክንዱን እስከ ትከሻው ድረስ ጉድጓዱ ውስጥ አስገባና ፊቱን አኮሳተረ፤ ከዚያ ፈገግ አለ።

«አለ! አክስት ታምዚን፣ አለ! ካፒቴን በጭቃ ጠቅጥቀውታል።»

አረንጓዴ ጠርሙስ ነው፤ ቡሹ በቆፋሪዎች ሻማ ታሽጓል። ጄጎ መሰላሉን ወርዶ ለማንም ሳይሰጥ ለእሷ ሰጣት። ቀዝቃዛ ነበር። በዚህ መሃል መጋቢ ሎሪ በብስክሌት ደረሰ። ሃያ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ላቡን እየጠረገ ሁሉንም ይቅርታ ጠየቀ። ይህ ልጅ ይቅርታ መጠየቅ የሚወድ ልጅ ነው።

«እኅት ዩረን፣ ውስጥ እንክፈተው? እርስዎ በሩን ይከፍቱልናል?»

ለመጨረሻ ጊዜ ከፈተች። ሊያዩ የመጡት ሽማግሌዎች እንደ ልማዳቸው እያንዳንዳቸው በየወንበራቸው ሄደው ተቀመጡ። በሦስት ወገን የሚዞረውና በብረት ዓምዶች ላይ የቆመው ሰገነት ባዶ ነው። ሰባኪው ሰዓቱን እንዲያይ ታስቦ ከመስበኪያው ፊት ለፊት ተሰቅሎ የነበረው ሰዓት ተነቅሏል፤ በቦታው ክብ ነጭ ምልክት ቀርቷል። ከጣሪያው መሃል የኖራ አበባ አለ፤ አበባው የተበሳሳው የሰው ትንፋሽ እንዲወጣበት ነው። ታምዚን እነዚያን ቀዳዶች በረጅም መጥረጊያ ስታጸዳ ዕድሜዋን ጨርሳለች።

መጋቢ ሎሪ ጠረጴዛው ላይ ቡሹን ነቀለ። ወረቀቱ ደርቆ ነበር እንጂ አልረጠበም። ዘርግቶ ማንበብ ጀመረ።

«በ1868 ይህንን ቤት በእጃቸው የሠሩ። ወንድም ሄንሪ ትሬዛይዝ። ወንድም ጄምስ አንግዊን። እኅት ግሬስ አንግዊን...»

ከአንዱ ወንበር አንድ ሽማግሌ «እናቴ» አለ። የጄጎ አያት ሲጠራ ጄጎ ቆቡን አውልቆ ደረቱ ላይ አደረገው፤ ሲቀልድ የነበረ ሰው አይኑ ሞላ። ስሞቹ ቀጠሉ። ሃምሳ አለፉ። «እኅት ታምዚን ዩረን» ተባለ፤ እሷ ግን የራሷን ስም የሰማችው እንኳ አልመሰላትም። ሰባ አለፉ። ሰባ ዘጠኝ። ሰማንያ።

«ወንድም ዲጎሪ ኪስት» አለ መጋቢው። «በዚሁ ያበቃል።»

ታምዚን አይኗን ጨፈነች። ወንድም ብለው ጽፈውታል! በአደባባይ አፋቸው እምቢ ያለውን፣ እግዚአብሔር ብቻ በሚያየው ቦታ ጽፈውታል። ይህንን ሁሉ ዘመን በልቧ የተቀየመቻቸውን አባቷን በአንድ ጊዜ ይቅር አለቻቸው፤ አንገታቸውን ደፍተው በበሩ ሲገቡ ታዩዋት። አባባ፣ ለምን አልነገሩኝም? ይህን ብታውቅ ኖሮ ሌሊቱን ሁሉ በእሳቸው አትፈርድም ነበር። እንባዋ ጉንጯን አልፎ አገጯ ላይ ሲደርስ አልጠረገችውም።

«ቆይ፣ ሌላ ነገር አለ» አለ መጋቢ ሎሪ። ጠርሙሱን ዘቅዝቆ መታ መታ አደረገው፤ ከዚያ በእርሳስ ጫፍ ጎትቶ አንዲት ትንሽ ካርድ አወጣ። ታምዚን ገና ከሩቅ አወቀቻት። የዚያ ዓመት ካርድ ዳሩ በወይን ሐረግ የተከበበ ነበር፤ የራሷ በጣሳው ውስጥ አለላት።

«ሴፕቴምበር 1868» ብሎ አነበበ። «ወንድም ዲጎሪ ኪስት። ጀርባዋ ላይ በእጅ የተጻፈ አለ፤ የዚያን ጊዜው መጋቢ ፊርማ ይመስለኛል። "የወረዳው ጉባኤ ካርድ ከታደለ በኋላ በከተማ ተሰብስቦ፣ በዝናብ ቀን ያደረገውን ሰምቶ ያለ አንድ ተቃውሞ መልሶ ተቀብሎታል። እኔ ነገ ወደ ሌላ አገር ተዛውሬ ስለምሄድ፣ ካፒቴን ሆይ፣ መርከብ ሳይሳፈር በእጁ እንዲሰጡልኝ እለምናለሁ።"»

ወጣቱ መጋቢ ቀና ብሎ ፈገግ አለ። «እንዴት ደስ የሚል ነገር ነው! ይኼ ሰው በመጨረሻ ካርዱን አገኘ ማለት ነው?»

ሽማግሌዎቹ ሁሉም ወደ ታምዚን ዞሩ፤ የቬንተን ሰው ታሪኩን ያውቀዋል።

ታምዚን መጀመሪያ ቀኑን ቆጠረች። ሴፕቴምበር። እሱ መዶሻዋ አጠገብ ቆሞ «ነይ» ያላት ኦክቶበር ነው። «ካርድህን ይመልሱልህ» ስትለው ካርዱ ተመልሶ ነበር። አርባ እርምጃ ላይ፣ በመስኮቱ ውስጥ፣ በአባቷ ኪስ ውስጥ ነበር። አባቷ ሊያቃጥሉት አልደፈሩም፤ የእግዚአብሔር ቃል የታተመበትን አያቃጥሉም። ሊሰጡትም አልቻሉም፤ ሚስታቸውን ቀብረዋል፣ ሁለት ወንዶች ልጆቻቸውን ማዕድኑ በልቶባቸዋል፣ የቀረቻቸው አንዲት ልጅ በማግሥቱ መርከብ ትሳፈር ነበር። ሁለቱንም ማድረግ ሲያቅታቸው ድንጋይ ከደኑበት። እሷም ከሥሩ እየጠረገች፣ ምድጃ እያነደደች፣ መስኮቱን እየወለወለች ሃምሳ አንድ ዓመት ኖረች። ባሏ የሚሆነው ሰው ካርድ ከጭንቅላቷ በላይ ነበር።

አንገታቸውን የሚደፉት ለምን እንደነበረ አሁን ገባት። ሰው ሁሉ ትሕትና ነው ይል ነበር።

«አክስት ታምዚን፣ ውሃ ላምጣልዎ?» አለ ጄጎ ቀስ ብሎ። ጠዋት የተናገረው ተረት ትዝ ብሎት ፊቱ ቀልቷል።

«አልፈልግም።» እጇን ዘረጋች። «ካርዷን አምጣልኝ።»

መጋቢው አመነታ። «ከዝርዝሩ ጋር ወደ ጠርሙሱ ብንመልሳት አይሻልም? ለታሪክ...»

«የእኔ ናት» አለች ታምዚን፤ ድምፅዋም ከዚህ በፊት እንዲህ ሆኖ ስለማያውቅ ወዲያው ሰጣት። በሁለት ጣቶቿ ያዘቻት። ቀላል ነበረች። ለዚህች ብላ ነበር። ለዚህች ወረቀት ብላ የምትወደውን ሰው «አይሆንም» ብላ መለሰችው፤ አባቷ በር ዘጉባት፣ ቁልፉን ግን ያቀበለቻቸው እሷ ናት። አባቷን ለመጥላት ሞከረችና ጥላቻው ዞሮ ወደ ራሷ መጣባት። የመዶሻ ሴት እጆቿን፣ ያን ቀን እስከ ማታ የሰበሩትን እጆቿን፣ አየች። «ዲጎሪ፣ አንተ ልጅ» አለች በለሆሳስ፤ ዛሬ ቢኖር ሰማንያ ስምንት ዓመት ይሆነው ነበር፣ ለእሷ ግን እስከ ዛሬ ሃያ ሦስት ዓመቱ ነው።

መጋቢ ሎሪ የሚያደርገው ቢጠፋው ወረቀቱን እንደገና ያይ ነበር። ከላይ እስከ ታች በጣቱ ወርዶ ግራ ገባው።

«ይቅርታ፣ እኅት ዩረን፣ እኔ ዘልዬ ይሆን? የአባትዎ ስም የለም።»

«የለም?» አለ ጄጎ። «እንዴት ይሆናል! ቤቱን ያሠሩት እሳቸው፣ ወረቀቱን የጻፉት እሳቸው!»

«ሁለት ጊዜ ቆጠርኩ። ሰማንያ አንድ ስም ነው። አብነር ዩረን የለም።»

ታምዚን ይህንንም ተረዳች። ካፒቴን አብነር የማኅበሩ መሪ ነበሩና ሥርዓቱን ያውቃሉ፤ ጥፋተኛ ስሙ ይሰረዛል። ራሳቸው ከሰው፣ ራሳቸው ፈርደው፣ ራሳቸውን አውጥተዋል። ከዚያ በኋላ ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሐሙስ ሐሙስ የሌላውን ነፍስ እንዴት ናት እያሉ ጠየቁ፤ የእሳቸውን የጠየቀ አልነበረም። በመጨረሻ የታመሙ ጊዜ ያጠበቻቸው፣ ያጎረሰቻቸው፣ አይናቸውንም የከደነችው እሷ ናት። አንድ ቀን እንኳ ነፍስዎ እንዴት ናት አላለቻቸውም።

«ስህተት መሆን አለበት» አለ መጋቢው። «ሲቸኩሉ ረስተውት ይሆናል። ዛሬ ከሰዓት በኋላ በአዲሱ ግድግዳ ውስጥ ሳይታሸግ በፊት ብንጨምረውስ? በእርስዎ እጅ ቢሆን ደግሞ...» ብዕሩን ከኪሱ አውጥቶ ክዳኑን ከፈተላት።

ታምዚን ከወንበሩ ተነሳች። ወደ ጠረጴዛው ስትሄድ ማንም አልደገፋትም፤ ማንም አልደፈረም። ብዕሩን ተቀብላ ወረቀቱ ላይ ጎንበስ አለች። የአባቷን ጽሕፈት አየች፤ ቀጥ ያለ፣ አንድም ቦታ ያልተንቀጠቀጠ። ከታች፣ ከዲጎሪ ስም ሥር፣ የአንድ ስም ቦታ ነበር። ከዚያ ቀስ ብላ፣ እያንዳንዷን ፊደል እየተጫነች ጻፈች። ስትጨርስ ብዕሩን መለሰችለት፤ ካርዷን ደረቷ ውስጥ ከተተች፤ ቁልፉንም ከወገቧ ፈትታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

መጋቢ ሎሪ ቀለሙ እንዲደርቅ ወረቀቱን እፍ እያለ አነበበውና፣ ልቧን እንዳይነካ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«"አብነር ዩረን" ብቻ ነው ያሉት፣ እኅት ዩረን። ሌሎቹ ሁሉ "ወንድም" አላቸው፤ ረሱት መሰለኝ።»

«አልረሳሁም» አለች ታምዚን።